ቆራጭ ትልን ከእንቁላል እስከ እሳት እራት መለየት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ቆራጭ ትል የሚነሱ ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ተቆርጦ ከወደቀ ችግኝ ነው። ችግኙ በወደቀበት ቀን ግን ትሉ ለማሳው እንግዳ አይደለም፤ ሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ እዚያው ኖሯል፣ ቆዳውን ደጋግሞ ጥሏል፣ የአመጋገብ ልማዱንም ለውጧል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በዋናነት የሚመለከቱት በብዙ የዓለም ክፍሎች የሚገኘውን ጥቁሩን ቆራጭ ትል፣ በሳይንሳዊ ስሙ አግሮቲስ ኢፕሲሎንን ነው። ዘመዶቹ ከእሱ የሚለዩበት ነጥብ ሲመጣ በቦታው ተነግሯል።

ቆራጭ ትል አንድ ዝርያ ነው ወይስ ብዙ?

ብዙ ነው። የችግኝን ግንድ ከአፈሩ ወለል ላይ፣ ወይም ከዚያ ጥቂት ዝቅ ወይም ከፍ ብለው የሚቆርጡ የልዩ ልዩ የሌሊት እሳት እራቶች እጮች ሁሉ በአንድነት ቆራጭ ትል ይባላሉ። አብዛኞቹ ኖክቱይዴ የሚባለው ቤተሰብ አባላት ናቸው። ተምችና ጓይ ትልም የዚሁ ቤተሰብ ልጆች ስለሆኑ በመልክ መቀራረባቸው አያስገርምም። ከቆራጮቹ መካከል በስፋት የሚታወቁት ጥቁሩ ቆራጭ ትል፣ የቅርብ ዘመዱ አግሮቲስ ሴጌቱም፣ እንዲሁም ተክል ላይ መውጣት የሚወደው ፔሪድሮማ ሳውሲያ ናቸው። በቆሎ፣ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ጥጥ፣ ትምባሆ፣ ባቄላ አይመርጡም፤ ግንዱ ለስላሳ የሆነ ቡቃያ ሁሉ ምግባቸው ነው።

ስንት የሕይወት ደረጃ አለው? ዑደቱስ ምን ያህል ይቆያል?

አራት ነው፦ እንቁላል፣ እጭ (ትሉ ራሱ)፣ ሙሽሬ (ትሉ አፈር ውስጥ ሆኖ ወደ እሳት እራት የሚለወጥበት ደረጃ) እና የእሳት እራት። ከእንቁላል እስከ እሳት እራት እንደ ሙቀቱ ከ35 እስከ 60 ቀን ይወስዳል። የሙቀት መጠኑ ወደ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ዕድገቱ የቆመ ያህል ይሆናል፤ ሲሞቅ ይፋጠናል። ስለዚህ «ትሉ በስንት ቀኑ መቁረጥ ይጀምራል?» ለሚለው ጥያቄ የቀን መቁጠሪያ ብቻውን መልስ አይሰጥም። ልምድ ያላቸው የሰብል ጥበቃ ባለሙያዎች የሚቆጥሩት ቀን ሳይሆን በየቀኑ የተጠራቀመውን ሙቀት ነው።

እንቁላሉን በዓይን ማየት ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን ቀላል አይደለም። አንዱ እንቁላል ስፋቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው። ክብ ሆኖ ከሥሩ በመጠኑ ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ከአናቱ ወደ ታች የሚወርዱ ቀጫጭን ሸንተረሮች አሉት። አዲስ ሲጣል ነጭ ነው፤ እያደረ ይቢጫል፣ ለመፈልፈል ሲቃረብ ደግሞ ወደ ቡናማ ይጠቁራል። በሞቃት ወቅት ከ3 እስከ 6 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። አንዲት ሴት በሕይወት ዘመኗ ከአንድ ሺህ በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ የምትጥለው ግን አንድ አንድ እያደረገች ወይም ጥቂት ጥቂቱን እያሰባሰበች ስለሆነ ዓይን ውስጥ የሚገባ ክምር አይኖርም።

ትልቁ ስሕተት እንቁላሉን በሰብሉ ላይ መፈለግ ነው። እናቲቱ የምትመርጠው ሰብሉን ሳይሆን መሬት ላይ የተነጠፈውን አረምና የቀድሞ ሰብል ቅሪት ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ሰብሉ ከመዘራቱ በፊት። በረባዳ ቦታ ያለ፣ እርጥበት የሚይዝ፣ አረም የሸፈነው የማሳ ጥግ ካለ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ተንበርክከው የአረሙን የታችኛውን ቅጠል ገልብጠው የቅጠሉን ጀርባና ከመሬት ጋር የተገናኘውን ግንድ ይመልከቱ። የተራቆተ፣ ንጹሕ አፈር ላይ እንቁላል መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

በቅጠል፣ በግንድ፣ አልፎ ተርፎም በአጥርና በግድግዳ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ተጠጋግተው ከተደረደሩ የጥቁሩ ቆራጭ ሳይሆኑ የፔሪድሮማ ሳውሲያ ሊሆኑ ይችላሉ። በላያቸው ላይ ጸጉር መሰል ሽፋን ካለ ደግሞ መጤውን ተምች ይጠርጥሩ።

አዲስ የተፈለፈለው ትል ምን ይመስላል?

ርዝመቱ 4 ሚሊሜትር አይሞላም፤ ጭንቅላቱ ጥቁር፣ ሰውነቱ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ነው። በዚህ ዕድሜው ማንንም አይቆርጥም፤ አፉ ለዚያ አልደረሰም። ቀንም ሆነ ሌሊት በቅጠል ላይ ይኖራል፤ የቅጠሉን ገጽ ይፍቃል፣ ቀጥሎም መርፌ የወጋው የሚያክሉ ቀዳዳዎችን ይተዋል።

እነዚህ ቀዳዳዎች ከተቆረጠ ችግኝ የበለጠ ዋጋ አላቸው። ትሉ ገና ሳያመልጥ ራሱን የሚያጋልጥባቸው ብቸኛ ቀናት እነዚህ ናቸውና። አብዛኛው ሰው ቀዳዳውን አይቶ «የቁንጫ ጥንዚዛ ነው» ብሎ ያልፈዋል። የቁንጫ ጥንዚዛ ሲነኩት እንደ ቁንጫ ይዘላል፤ ቅጠሉን ገልብጠው የሚዘል ነገር ካጡና በምትኩ ቀጭን ግራጫ ትል ካገኙ ጥርጣሬው ወደ ቆራጭ ትል ያዘነብላል። በዚህ ደረጃ ዝርያውን በእርግጠኝነት መናገር ግን ለባለሙያም ይከብዳል።

ትሉ ስንት ጊዜ ቆዳውን ይጥላል? ዕድሜውንስ በምን እናውቃለን?

ብዙውን ጊዜ በ6 ወይም በ7 እርከኖች ያልፋል፤ እንደ ሙቀቱና እንደ ምግቡ ከ5 እስከ 9 ሊደርስ ይችላል። በአንድ እርከንና በሚቀጥለው መካከል አሮጌውን ቆዳ ይጥላል።

ዕድሜውን በርዝመቱ መገመት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ርዝመት ያታልላል። የጠገበ ትል ይለጠጣል፣ የተራበ ወይም የተነካ ትል ይኮማተራል። የማያታልለው የጭንቅላቱ ስፋት ነው። የጭንቅላቱ ቅርፊት ጠንካራ ስለሆነ በአንድ እርከን ውስጥ አያድግም፤ የሚሰፋው ትሉ ቆዳውን በጣለ ቁጥር ብቻ ነው። በመጀመሪያው እርከን ከግማሽ ሚሊሜትር በታች የነበረው ጭንቅላት በመጨረሻው ከ3 ሚሊሜትር ያልፋል።

ለማሳ ሥራ የሚበቃው ግምት ይህ ነው፦ ከ10 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ገና ቅጠል የሚበላ ልጅ ነው። ወደ 10 ሚሊሜትር ሲደርስ፣ ማለትም በአራተኛው እርከን ገደማ፣ ብርሃንን መሸሽና ቀን ቀን አፈር ውስጥ መግባት ይጀምራል፤ ግንድ መቁረጥም የሚጀምረው ያኔ ነው። ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር ያለው ገና ብዙ የሚበላ ነው። 40 ሚሊሜትርን ያለፈው ሥራውን እየጨረሰ ነው።

ሙሉ በሙሉ ያደገውን ጥቁር ቆራጭ ትል በእርግጠኝነት የምለየው በምንድን ነው?

በቀለሙ አይደለም። ቀለም የሚጠቅመው ትሉን ለማግኘት እንጂ ለመለየት አይደለም፤ አንዱ ፈዘዝ ያለ ግራጫ፣ ሌላው ጥቁር ለማለት የሚያስደፍር፣ ሌላው ቡናማ ሊሆን ይችላል። ሆዱ ከጀርባው ይልቅ የፈዘዘ ነው፤ ጀርባው ላይ ጎልቶ የሚታይ መስመር የለውም። በአጠቃላይ ሲታይ ቅባት የተቀባ ይመስላል። ርዝመቱ እስከ 50 ሚሊሜትር ይደርሳል።

ሁለት ነገሮችን በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ። ዐሥር ጊዜ የሚያጎላ ትንሽ መነጽር ይበቃል።

የመጀመሪያው ቆዳው ነው። በዓይን ለስላሳ የሚመስለው ቆዳ ሲጎላ ጠጠር የተነጠፈበት መንገድ ይመስላል፤ ትልልቅና ትንንሽ የሆኑ ክብ፣ ጎበጥ ያሉ ቅንጣቶች ጎን ለጎን ተጠጋግተው ተደርድረውበታል። ትሉ ጭቃ ከያዘ ይህ አይታይም፤ በጥቂት ውኃ አጥበው በለስላሳ ጨርቅ ያድርቁት።

ሁለተኛው ጀርባው ላይ ያሉት ጥቁር ጉብታዎች ናቸው። ከሰውነቱ መካከል አንዱን ቀለበት ይምረጡና ከላይ ይመልከቱት። በመካከለኛው መስመር ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ጥቃቅን ጉብታዎች ያያሉ፤ በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ አጭር ጸጉር በቅሏል። በጥቁሩ ቆራጭ ትል ላይ ወደ ጅራት በኩል ያለው ጉብታ ወደ ጭንቅላት በኩል ካለው ቢያንስ እጥፍ ያህል ይበልጣል። ልዩነቱ ግልጽ ስለሆነ መለኪያ አያስፈልገውም። ጉብታዎቹ እኩል ከሆኑ የያዙት ሌላ ዝርያ ነው። በፌልትያ ወገን ባሉት ቆራጮች ለምሳሌ የፊተኛውና የኋለኛው ጉብታ መጠን ተቀራራቢ ነው።

እግሮቹንም ይቁጠሩ። ከጭንቅላቱ ኋላ ሦስት ጥንድ ጠንካራ እግሮች፣ ከሆዱ መካከል አራት ጥንድ ሥጋማ እግሮች፣ በጅራቱ ጫፍ አንድ ጥንድ ሥጋማ እግር። ይህ ቆጠራ ቆራጭ ትልን ከተምች አይለይም፤ ከጥንዚዛና ከዝንብ እጮች ግን በአንድ እይታ ይለየዋል።

ጀርባው ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያለው ትል አገኘሁ። እሱም ቆራጭ ነው?

በጀርባው መካከለኛ መስመር፣ በየቀለበቱ አንድ አንድ ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ነጠብጣብ ተደርድሮ ከታየ ፔሪድሮማ ሳውሲያ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ይህኛው ችግኝ ቢቆርጥም ወደ ላይ ወጥቶ ቅጠል፣ እምቡጥና ፍሬ መብላትም ይወዳል፤ ስለዚህ ጉዳቱ መሬት ላይ ብቻ አይወሰንም። አግሮቲስ ሴጌቱም በበኩሉ ነጠብጣብ የለውም። ቆዳው ከጥቁሩ ዘመዱ ይልቅ ለስለስ ያለና የሚያንጸባርቅ ሲሆን ሥር ወዳለበት ወርዶ ካሮት፣ ድንችና ቀይ ሥር መቦርቦር ያበዛል። ሁለቱን አግሮቲሶች በትልነታቸው መለየት ዓይን ያለመደ ሰው የሚሳሳትበት ነው፤ አስተማማኙ መንገድ አሳድጎ የእሳት እራቱን ማየት ነው።

ከተምች እንዴት እለየዋለሁ?

ተምች መስመር አለው፤ በጎንና በጎኑ ከጭንቅላት እስከ ጅራት የሚሄዱ ደማቅና ፈዛዛ ሰንበሮች። መጤው ተምች ደግሞ በግንባሩ ላይ የተገለበጠ የላቲን «ዋይ» ፊደል የመሰለ ነጣ ያለ ምልክት፣ በጅራቱ አጠገብ ባለው ቀለበት ላይ ደግሞ በአራት ማዕዘን የቆሙ አራት ጥቁር ነቁጦች አሉት። የሚገኝበት ቦታም ይረዳል፦ ከበቆሎው እምብርት ውስጥ ኩስ ከምሮ የተቀመጠ ትል ቆራጭ ትል አይደለም። ሆኖም ተምችም አንዳንድ ጊዜ ለጋ ችግኝ ከሥሩ ስለሚቆርጥ በጉዳቱ ብቻ አይፍረዱ፤ ትሉን ይያዙ።

አፈር ስቆፍር የሚጠቀለል ትል ሁሉ ቆራጭ ትል ነው?

አይደለም፤ ብዙ ነገር ይጠቀለላል። ነጭ ሰውነት፣ ቡናማ ጭንቅላት፣ ስድስት እግር ብቻ ያለውና ሲነካ የማይዘረጋ ወፍራም ትል የጥንዚዛ እጭ ነው፤ ሥር ይበላል እንጂ ግንድ አይቆርጥም። ቀጭን፣ ቢጫማ ቡናማ፣ ሲይዙት እንደ ሽቦ የሚደርቅ ከሆነ ሽቦ ትል ነው። ጭንቅላትም እግርም የማይታይበት ግራጫ ትል የዝንብ ወገን ነው። እግሩ ተቆጥሮ የማያልቀው ሺህ እግር ነው፤ እሱ በአመዛኙ የበሰበሰ ነገር ነው የሚበላው።

ችግኙ ተቆርጧል፣ ትሉ ግን የለም። የት ነው የሚደበቀው?

አብዛኛውን ጊዜ ከችግኙ አንድ ክንድ ሳይርቅ እዚያው አለ። ግን ትክክለኛውን ችግኝ መምረጥ ይገባል። ከትናንት በስቲያ ተቆርጦ የደረቀው ሥር ምንም የለም፤ ትሉ ወደሚቀጥለው ተሻግሯል። በማለዳ ይውጡና ቅጠሉ ገና ያልጠወለገ፣ የቁርጡ አፍ ርጥብ የሆነ ችግኝ ይፈልጉ። ትሉ በመደዳ የመሄድ ልማድ ስላለው በአንድ መስመር የወደቁትን ተከትሎ የመጨረሻውን ማግኘት ይቻላል።

ከዚያ እጅዎን ከማስገባትዎ በፊት መሬቱን ይመልከቱ። አንዳንዴ የተቆረጠው ቡቃያ ከግማሹ አፈር ውስጥ ገብቶ ጫፉ ብቻ ይታያል፤ ትሉ ወደ ጉድጓዱ እየጎተተው ነበር። ያ ቅጠል በቀጥታ ወደ ትሉ የሚያደርስ ምልክት ነው። ምልክት ከሌለ በግንዱ ዙሪያ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ባለው ክብ ውስጥ አፈሩን በጣት ወይም በቢላ ጫፍ 5 ሴንቲሜትር ያህል ቀስ ብለው ይግለጡ፤ ጓሉን ሁሉ ይፈርፍሩ፣ የቅሪቱን ሥር ያንሡ። አፈሩ ደረቅ ከሆነ ዝቅ ብለው ይቆፍሩ፤ ትሉ እርጥበቱን ተከትሎ ይወርዳል። ሲገለጥ አይሮጥም። ግማሽ ክብ ሠርቶ ይጠቀለልና ጸጥ ይላል፤ ቀለሙ የአፈሩ ቀለም ስለሆነ ዓይን ያልፈዋል። ጥርጣሬ ካደረብዎ የገለጡትን አፈር ሳይነኩ ለአፍታ ይጠብቁ፤ የሞተ ጓል መስሎ የነበረው ነገር ተዘርግቶ መንቀሳቀስ ይጀምራል።

ሌላው መንገድ ጨለማ ከያዘ ከሁለት ሰዓት በኋላ የእጅ ባትሪ ይዞ መውጣት ነው። ቀን ሙሉ ቆፍሮ ያላገኘውን በዚያች ሰዓት ግንድ አቅፎ ሲቆርጥ የሚያገኝ ሰው ብዙ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ጎን ለጎን ሁለት ትልልቅ ትሎች ማግኘት ብርቅ ነው። ትልልቆቹ እርስ በርሳቸው ስለሚበላሉ ይራራቃሉ። ስለዚህ በአንድ ችግኝ ሥር አንድ ብቻ ማግኘት ማሳው ተርፏል ማለት አይደለም።

ችግኙ ሳይቆረጥ ጠውልጓል። ይህም የቆራጭ ትል ሥራ ሊሆን ይችላል?

አዎ፤ በተለይ አፈሩ ደርቆ ትሉ ከመሬት በታች ሲበላ። ግንዱ ሳይወድቅ በጎኑ ተቦርቡሮ መካከለኛው ቅጠል ብቻውን ይጠወልጋል። ነቅለው ከአፈር በታች ያለውን ክፍል ይመልከቱ፤ የተቦረቦረ ቀዳዳ ካለ የትል ሥራ ነው። ግንዱ ቀጥኖ፣ ጠቁሮና ውኃ ቋጥሮ ከተገኘ ግን ነገሩ የፈንገስ በሽታ ነው፤ ትል መፈለግዎን ይተዉ። ዝልግልግ የሚያብረቀርቅ መንገድ ካለ ዛጎል አልባ ቀንድ አውጣ፣ ችግኙ ተጎትቶ ከነሥሩ ወጥቶ ከተጣለ ወፍ ይጠረጠራል።

ሙሽሬውን እንዴት አውቀዋለሁ?

ትሉ ሲጠግብ መብላቱን ያቆምና ከ3 እስከ 12 ሴንቲሜትር ጥልቀት አፈር ውስጥ ትንሽ ክፍል ሠርቶ ሙሽሬ ይሆናል። ሐር አይፈትልም። ሙሽሬው ከ17 እስከ 22 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ ጠንካራ፣ የሚያብረቀርቅ፣ መጀመሪያ ብርቱካናማ ቡናማ ኋላ ጥቁር ቡናማ ነው። የክንፎቹና የዓይኖቹ ቅርጽ በቅርፊቱ ላይ ታትሞ ይታያል፤ እግሮቹ ግን ከሰውነቱ ጋር ተጣብቀዋል። የጅራቱ ጫፍ ላይ ጥንድ ጥቃቅን እሾሆች አሉት። በጣት ሲነኩት ሆዱን ያወዛውዛል፤ ይህን ያላወቀ ሰው መጀመሪያ ሲያይ ደንግጦ ይጥለዋል። ከ12 እስከ 20 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የእሳት እራቱ ይወጣል።

ከሌሎች የኖክቱይዴ ሙሽሬዎች መለየት በማሳ ላይ የሚሞከር ነገር አይደለም። የጥንዚዛ ሙሽሬ ግን ነጣ ያለና እግሮቹ ተለይተው የሚታዩ ስለሆነ አያሳስትም።

ሙሽሬ ማግኘት የሚነግርዎት ነገር አንድ ነው፦ ይህ ትውልድ መብላቱን ጨርሷል። በዚህ ጊዜ መድኃኒት መርጨት ገንዘብን አፈር ላይ ማፍሰስ ነው።

የእሳት እራቱ ምልክቱ ምንድን ነው?

ክንፉ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ40 እስከ 55 ሚሊሜትር ይሆናል። ሲያርፍ ክንፎቹን ጀርባው ላይ ጠፍጠፍ አድርጎ ስለሚያጥፍ ጠባብና ረዥም መስሎ ይታያል። የፊት ክንፉ ጥቁር ቡናማ ነው፤ ወደ ጫፉ ያለው ክፍል ግን ፈዘዝ ይላል። በክንፉ መካከል ኩላሊት የሚመስል ነቁጥ አለ፤ ከዚያ ነቁጥ ውጫዊ ጠርዝ ተነሥታ ወደ ክንፉ ጫፍ የምታመለክት አጭር፣ ሹል፣ ጥቁር ሰረዝ የጥቁሩ ቆራጭ ትል መታወቂያ ናት። የኋላ ክንፉ ነጣ ያለ ግራጫ ሲሆን በላዩ ያሉት የደም ሥር መሰል መስመሮች ጠቆር ብለው ይታያሉ።

ወንዱን ከሴቷ ለመለየት አንቴናውን ማየት ይበቃል፤ የወንዱ ከሥሩ እስከ ግማሹ ላባ መሰል ነው፣ የሴቷ እስከ ጫፉ ክር ነው።

ችግሩ ያረጀ ወይም ወጥመድ ውስጥ የተፈራገጠ የእሳት እራት ነው። የክንፉ ብናኝ ሲረግፍ መጀመሪያ የሚጠፋው የቀለሙ ልዩነት ነው፤ ሰረዟ ግን እስከ መጨረሻው ታንገራግራለች። በግራ ክንፍ ካጡዋት በቀኙ ይፈልጓት።

የእሳት እራቱ ራሱ ሰብል ይጎዳል?

አይጎዳም። የአበባ ማር ይጠጣል፣ ሌሊት ይበርራል፣ እንቁላል ይጥላል።

ወጥመድ ውስጥ ብዙ የእሳት እራት ተያዘ። ይህ ምን ይነግረኛል?

የፌሮሞን (ሴቷ ወንዱን የምትጠራበት ሽታ) ወጥመድ ወንዶችን ብቻ ይስባል፤ የመብራት ወጥመድ ሁለቱንም ከብዙ ሌላ ነፍሳት ጋር ይሰበስባል። ሁለቱም የሚነግሩት ጊዜን ነው፦ ከዚህ ቀን ጀምሮ እንቁላል እየተጣለ ነው ተብሎ ሙቀቱ መቆጠር ይጀምራል። ምን ያህል ችግኝ እንደሚቆረጥ ግን አይናገሩም፤ ብዙ ተይዞ ጉዳቱ ትንሽ የሚሆንበት፣ ጥቂት ተይዞ አንድ ጥግ ሙሉ የሚረግፍበት ጊዜ አለ። ይህ የእሳት እራት ነፋስን ተከትሎ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሚጓዝ በመሆኑም «ባለፈው ዓመት ማሳዬ ላይ አልነበረም» የሚለው መከራከሪያ አይሠራም።

ደረጃውን ማወቄ ለቁጥጥሩ ምን ይጠቅመኛል?

ሁሉንም ነገር ይወስናል። በእንቁላልና በመጀመሪያዎቹ እርከኖች ጊዜ የሚሠራው አረምን ማጽዳት ነው፤ ነገር ግን ከመዝራት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ። ቡቃያው ከወጣ በኋላ አረሙን ድንገት ማንሣት ትሎቹን ያለ ምግብ ትቶ ወደ ሰብሉ ይነዳቸዋል፤ ይህን ስሕተት በየወቅቱ የሚደግሙት ብዙ ናቸው። ትሉ ከ10 እስከ 25 ሚሊሜትር ባለበት ጊዜ በእጅ መልቀምም፣ የተፈቀደ መድኃኒት ወይም የተመረዘ ምግብ በምሽት መጠቀምም ያስኬዳል። በምሽት የምለው ትሉ ከአፈር የሚወጣው ያኔ ስለሆነ ነው። አብዛኞቹ ትሎች 40 ሚሊሜትር ካለፉ ወይም ሙሽሬዎች መታየት ከጀመሩ የወደቀውን መተካት ይሻላል።

ለጓሮ አትክልት የሚበጀው የችግኙን ግንድ በወረቀት ወይም በቆርቆሮ ቀለበት መክበብ ነው፤ ጥቂት ሴንቲሜትር አፈር ውስጥ ገብቶ ከላይም ጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ ይበል። በቆሎን በተመለከተ አንድ የምሥራች አለ፦ እስከ አምስት ቅጠል ድረስ የዕድገት ነጥቡ (አዲስ ቅጠል የሚወጣበት ቦታ) ከአፈር በታች ስለሆነ ከነጥቡ በላይ የተቆረጠው መልሶ ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ጎመንና ቲማቲም ይህ ዕድል የላቸውም።

ፎቶ ልኬ ማስለየት እችላለሁ?

ይቻላል፤ ፎቶው የሚረባ ከሆነ። መዳፍ ላይ የተጠቀለለ ጥቁር ነገር ፎቶ ማንንም አይረዳም። ትሉን አጥበው ነጭ ወረቀት ላይ ከማስመሪያ ጎን ያኑሩት። አንድ ፎቶ ከላይ መላ አካሉን፣ አንድ የመካከለኛ ቀለበቶቹን ጉብታዎች፣ አንድ ግንባሩን፣ አንድ ከጎን እግሮቹን ያሳይ። የተገኘበትን ቦታ (ቅጠል ላይ፣ አፈር ውስጥ፣ በስንት ሴንቲሜትር)፣ የሰብሉን ዓይነትና ዕድሜ አብረው ይጻፉ። ከጥሩ ፎቶ እኩል የሚረዳው ይህ ጽሑፍ ነው።

አሳድጌ ማረጋገጥ ብፈልግስ?

አስተማማኙ መንገድ እሱ ነው። ክዳኑ የተበሳሳ ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ 10 ሴንቲሜትር ያህል ረጠብ ያለ አፈር ያድርጉ፤ የተገኘበትን ተክል ቅጠል በየቀኑ ይቀይሩለት። በአንድ ማሰሮ አንድ ትል ብቻ ያስቀምጡ፤ ሁለት ካደረጉ አንድ ይቀራል። ቅጠሉ ሳይነካ ከተገኘ አፈር ውስጥ ገብቷል ማለት ነውና ሳይቆፍሩ ይጠብቁ፤ አፈሩ እንዳይደርቅ ብቻ አልፎ አልፎ ጥቂት ውኃ ያርከፍክፉ።

ከማሰሮው የእሳት እራት ሳይሆን ትናንሽ ተርቦች ወይም ዝንብ ከወጡ ትሉ በጥገኛ ነፍሳት የተያዘ ነበር። በማሳም ላይ ሰውነቱ ዝሎ አጠገቡ ነጫጭ የሐር ከረጢቶች የተጣበቁበት ትል ካገኙ አይጨፍልቁት፤ ከከረጢቶቹ የሚወጡት ተርቦች ሌሎቹን ትሎች ፈልገው ያጠቃሉ።